የፖም ክሪስፕ ላዩ እየረጠበ፣ ታቹ እየቀጠነ አስቸገረኝ

ብርቱካን_ቅጠል
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡10

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ የፖም ምርት በሚደርስበት በዚህ ወቅት፣ ከእራት በኋላ የሚቀርብ ትኩስ ጣፋጭ ለመልመድ ብዬ የፖም ክሪስፕ ጀመርኩ፤ ላዩ ላይ የአጃና የቅቤ ፍርፋሪ ተደርጎ የሚጋገር ፖም ነው። ሊጥ መዳመጥ ስለሌለበት ከፓይ ይቀላል ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም አልተሳካልኝም።

የመጀመሪያውን በ8 ቀይ ፖም ሠራሁት። ቀይ ዴሊሸስ የሚባለው ነው። ስስ አድርጌ ቆራርጬ፣ ግማሽ ስኒ ስኳርና ቀረፋ ነስንሼ፣ ከላይ ዱቄት፣ አጃ፣ ቡናማ ስኳርና የቀለጠ ቅቤ አደረግኩበት። በ180 ዲግሪ 30 ደቂቃ ቆየ። ላዩ ወርቃማ ሲሆን አወጣሁት። በማንኪያ ስቆርሰው ግን ታቹ ውሃ ነው፣ ፖሙ ላሽቋል፣ ፍርፋሪው ከሥሩ ገንፎ ሆኗል። በሁለተኛው ጊዜ ፍርፋሪው ላይ ዱቄት ጨመርኩ። እሱ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ጥሬ ዱቄቱ እንደነጣ ቀረ፣ ታቹም እንደ በፊቱ ቀጠነ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የእናቴ ልደት ነው። ኬክ አትወድም፤ የበሰለ ፍሬ ግን ነፍሷ ነው። ለእሷ በደንብ ሠርቼ ማቅረብ እፈልጋለሁ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ቀስተደመና
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡42

እህቴ፣ ስታርች አላደረግሽበትም እኮ! ከፖሙ ጋር 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ለውሺ፤ ያለቀለት ነገር ነው።

ጋጋሪው
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡15

ስታርቹ ያስፈልጋል፤ ግን ብቻውን አያድናትም። ዋናው ችግር 30 ደቂቃው ነው።

የበቆሎ ስታርች የሚወፍረው ውሃ ውስጥ በደንብ ሲሞቅ ነው። 65 ዲግሪ አካባቢ ማበጥ ይጀምራል፤ ሙሉ በሙሉ ጭማቂውን የሚይዘው ግን መሃሉ ጭምር መንተክተክ ሲጀምር ነው። ክሪስፕ ከዳር ወደ መሃል ነው የሚበስለው። ዳሩ ሲፈላ መሃሉ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። በ30 ደቂቃ ብታወጪው 2 ማንኪያ ሳይሆን 4 ማንኪያ ስታርች ብታደርጊም መሃሉ ቀጭን ነው፤ እንዲያውም ያልበሰለ ስታርች አፍ ላይ እንደ ኖራ ይሆናል።

ስለዚህ የላዩ ቀለም አያታልልሽ። ስኳርና ቅቤ ያለበት ፍርፋሪ ፖሙ ሳይበስል ቀድሞ ይቀላል። ማየት ያለብሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጭማቂው በዳር ብቻ ሳይሆን መሃል ላይም በፍርፋሪው ክፍተት ብቅ እያለ ይንተከተክ፤ አረፋው እንደ ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ ሳይሆን እንደ ማር ከበድ ብሎ ቀስ እያለ የሚፈነዳ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቀጭን ቢላዋ መሃሉ ላይ ስትሰኪ ፖሙ ሳይታገልሽ ይግባ። በኔ ኦቨን ይህ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይወስዳል። ካወጣሽው በኋላም ቢያንስ 20 ደቂቃ አሳርፊው፤ ጭማቂው ሲበርድ ነው ይበልጥ የሚወፍረው።

ብርቱካን_ቅጠል
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡31

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። እኔ ላዩን ብቻ ነበር የማየው። የፖሙስ ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

እትዬ_ሙዳይ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡05

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት እሱ ነው። ቀይ ዴሊሸስ ለዓይን የሚያምር፣ እንዲያው ተነክሶ የሚበላ ፖም ነው። እሳት ሲያገኘው ግን ይላሽቃል፤ ጎምዛዛነትም ስለሌለው ከስኳሩ ጋር ሲደመር ጣፋጭ ብቻ ይሆንና ያሰለቻል። ፖም አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ከመቶው 85 ያህሉ። ያን ውሃ አምቆ የሚይዝ ጠንካራ ሥጋ ያለው ካልሆነ፣ ምድጃ ውስጥ ሁሉንም ይለቀዋል።

ለመጋገር የምትፈልጊው ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ነው። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ በዚህ በኩል የታመነ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 አውስትራሊያ ውስጥ በጓሯቸው ዛፉን ካገኙት ማሪያ አን ስሚዝ ከሚባሉ አሮጊት ነው፤ ስለዚህ «የአያት ስሚዝ ፖም» እንደማለት ነው። ሁልጊዜ ይህን ታሪክ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ከአንዲት አያት ጓሮ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ፖም። ግን ግራኒ ስሚዝ ብቻውን ከሆነ ጣዕሙ አንድ መስመር ላይ ይቆማል፤ ኮምጣጣነቱ ይገናል፣ መዓዛው ያንሳል። እኔ ከሦስት ሁለቱን እጅ እሱን፣ አንዱን እጅ ደግሞ ጣፋጭና መዓዛ ያለው ጠንካራ ፖም እቀላቅላለሁ። ሃኒክሪስፕ፣ ብሬበርን፣ ፒንክ ሌዲ ሁሉም ይሆናሉ። ጎልደን ዴሊሸስም አይከፋም፤ በስሙ ቢመሳሰልም ከቀዩ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጣዕሙ ወደ ማር ይጠጋል፣ ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ ቅርፁን አይተውም።

ማኪንቶሽን ግን ለክሪስፕ አትመኚው። ሽታው ልብ ይሰርቃል፤ ሲጋገር ግን ፈርሶ ድልህ ይሆናል። እንግሊዞች የሚወዱት ብራምሌይም እንደዚሁ አረፋ ሆኖ የሚበትን ነው። እነሱ ያንን ልስላሴ ፈልገውት ነው፤ የለመደው ይወደዋል። እኔ ግን ማንኪያዬ ላይ የፖም ቁራጭ ቅርፁን ይዞ መምጣት አለበት እላለሁ።

ብርቱካን_ቅጠል
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡20

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔ የምገዛው ፖም ላይ ብዙ ጊዜ ስሙ አይጻፍም። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብቻ ነው። በምን ልለየው?

እትዬ_ሙዳይ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡48

በእጅሽና በአፍንጫሽ ልጄ። በአውራ ጣትሽ ጫን ስትይው የማይሰረጉድ፣ በመጠኑ ከባድ የሆነ፣ ልጣጩ ያልተሸበሸበ ይሁን። ነክሰሽ ስታይው ቀጭ ብሎ የሚሰበርና ጭማቂው ጥርስሽን ትንሽ የሚያጎመዝዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ዱቄት ዱቄት ካለሽ አሮጌ ነው ማለት ነው፤ እሱን ለድልህ ተይው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዳንድ ቁራጭ ትንሽ ድስት ውስጥ አድርገሽ፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አርገሽ፣ ክዳን ገጥመሽ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ አብስያቸው። የትኛው ቅርፁን እንደያዘ፣ የትኛው እንደተበተነ በዓይንሽ ታያለሽ። እኔ አዲስ ፖም ሳገኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።

ሳይንስ_በጓዳ
ቅዳሜ፣ ምሽት 3፡30

የእትዬ ፈተና በጣም ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምርበት።

የፖምን ሕዋሶች እርስ በርስ አጣብቆ የያዛቸው ፔክቲን ነው። ሙቀቱ ወደ መፍያ ነጥብ ሲጠጋ ፔክቲኑ ይሟሟና ፖሙ ይለሰልሳል። አሲድ ይህን መሟሟት ያዘገየዋል፤ ኮምጣጣ ፖም ቅርፁን የሚይዘውም በከፊል ለዚህ ነው። ሎሚ የሚጨመረውም ፖሙ እንዳይጠቁር ብቻ አይደለም።

አሁን ደስ የሚለው ነገር። ፖም ውስጥ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ በብርታት የሚሠራ ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም ፔክቲኑ በፖሙ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር እንዲተሳሰር ያደርገዋል፤ አንዴ ከተሳሰረ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ቢጋገር እንኳ ቶሎ አይፈርስም። ስለዚህ የተቆራረጠውን ፖም በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና 10 ደቂቃ ተዉት። የፈላው ውሃ ቀዝቃዛውን ፖም ሲያገኝ ይበርድና ወደዚያ የሙቀት መጠን ይወርዳል። ከዚያ በማጥለያ አጥልሉት፣ በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። አንዳንዱ ጭማቂ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ትንሽ ጣዕም ይቀንሳል ማለት ነው፤ ቁራጩ ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል።

ጣዕም እንዳይሄድባት የምትፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አላት። ፖሙን ከስኳሩና ከሎሚው ጋር ለውሳ 40 ደቂቃ ታቆየዋለች። ስኳሩ ውሃውን ከፖሙ ስቦ ያወጣዋል። ያን ጭማቂ አጥልላ በትንሽ ድስት ግማሽ እስኪሆን ድረስ ትቀቅለውና መልሳ ፖሙ ላይ ታፈሰዋለች። ውሃው ብቻ ተነነ፤ ጣዕሙ ሁሉ እዚያው ቀረ። ለብርቱካን_ቅጠል የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው። የቸገራት ውሃው ነውና።

ትንሿ_ወጥቤት
እሑድ፣ ጠዋት 3፡00

ልጣጩን ትልጡታላችሁ ወይስ? እኔ አልልጠውም፤ ቀለሙም ደስ ይላል።

እትዬ_ሙዳይ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡25

ለራስሽ ከሆነ አትላጪው። ለእንግዳ ግን ላጪው፤ ሥጋው ሲለሰልስ ልጣጩ እየተላቀቀ እንደ ክር ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ጋጋሪው
እሑድ፣ ጠዋት 4፡10

እንግዲህ እኔ የምጠቀምበትን መጠን ልጻፍልሽ፤ ከ6 እስከ 8 ሰው ያበላል። መጋገሪያው 23 በ23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይሁን።

ፖም 1 ኪሎ ከ200 ግራም ግዢ፤ ተልጦ እምብርቱ ሲወጣ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገሽ ቁረጪው። ስስ ቁራጭ ቶሎ ይፈርሳል፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ግማሹ ላሽቆ ግማሹ ጥሬ ይሆናል። ከ50 ግራም ስኳር፣ ከ1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ከቁንጥጫ ጨው ጋር ለውሺው። ገውዝ ከወደድሽ ትንሽ ፈግፍጊበት፤ ገውዝ ጉልበተኛ ስለሆነ ከሩብ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ሳይንስ_በጓዳ እንዳለው ጭማቂውን አጥልለሽ ቀቅዪና፣ ሲበርድ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትኚበት፤ ከፖሙ ጋር መልሰሽ ቀላቅዪው። ስታርች ከሌለሽ የፉርኖ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል፤ የማወፈር ጉልበቱ የስታርቹ ግማሽ ነውና።

ለፍርፋሪው፣ 120 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 90 ግራም አጃ፣ 130 ግራም ቡናማ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 115 ግራም የገበታ ቅቤ። አጃው ተዳምጦ ጠፍጠፍ ያለው ሙሉው ፍሬ ይሁን እንጂ በደቂቃ የሚደርሰው የደቀቀው አይሁን። የደቀቀው እርጥበት እንዳገኘ ገንፎ ይሆናል። ያልተዳመጠው የተከረተፈው ደግሞ በኦቨን ጊዜ ውስጥ አይበስልም፣ ጥርስ ይሰብራል።

ቅቤው ቀዝቃዛ ይሁን። በትናንሹ ቆርጠሽ ደረቁ ውስጥ ጨምሪና በጣትሽ ጫፍ እሺው። መዳፍሽን አታስገቢ፤ የመዳፍ ሙቀት ያቀልጠዋል። ዱቄቱ ሁሉ ቅቤ አግኝቶ፣ ስትጨብጪው የሚያያዝ፣ ስትለቂው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጓል እየሆነ የሚበተን ሲሆን በቃው። ባለፈው የነጣ ዱቄት የቀረብሽ ዱቄት ስትጨምሪ ቅቤውን ስላልጨመርሽ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። ፖሙ ላይ ስትበትኚው ደግሞ በእጅሽ አትጫኚው። እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ከጠቀጠቅሽው እንፋሎቱ ከሥር ታምቆ ያረጥበዋል። «ገንፎ ሆነ» ያልሽው እኮ ይኸው ነው።

በ190 ዲግሪ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፤ የሚፈስ ጭማቂ ኦቨኑን እንዳያቃጥል ከሥሩ ሌላ ትሪ አድርጊ። ኦቨንሽ ማራገቢያ ካለው በ20 ዲግሪ ቀንሺ።

ዘጠኝ_ሰዓት
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡00

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ፍርፋሪውን ለብቻው ትሪ ላይ ዘርግቼ በ175 ዲግሪ 20 ደቂቃ እጋግረዋለሁ። ፖሙን ደግሞ በመጥበሻ በቅቤና በስኳር አበስለዋለሁ። ሲቀርብ ፍርፋሪውን ከላይ መነስነስ ነው። በፍጹም አይረጥብም። ኦቨን የሌለውም ፍርፋሪውን በወፍራም መጥበሻ በዝግታ እሳት እያገላበጠ ማመስ ይችላል።

ቀስተደመና
እሑድ፣ ከሰዓት 9፡18

ይሄማ በጣም ቀላል ነው! ለምን ሁሉም ሰው እንዲህ አይሠራም?

እትዬ_ሙዳይ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡02

ልጄ ዘጠኝ_ሰዓት፣ ኦቨን ለሌለው ሰው ያልከው መፍትሔ ትልቅ ነገር ነው፤ ተባረክ። ኦቨን ላለው ሰው ግን እኔ አልስማማም፤ ምክንያቴን ልንገርህ።

የክሪስፕ ነፍሱ ፍርፋሪውና ፖሙ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ላዩ ደርቆ ኩርሽም ይላል፤ ከሥሩ ጣት የማያህል ስስ ንጣፍ ደግሞ የፖሙን ጭማቂ መጥጦ ለስላሳና ማኘክ የሚፈልግ ይሆናል። በዳር በዳር ጭማቂው ገንፍሎ ወጥቶ ከቅቤውና ከስኳሩ ጋር ሲጠብስ የሚሠራው ጥቁር ቡናማ ቅርፊት አለ፤ ያ ካራሜል ነው። በእኛ ቤት ልጆች የሚጣሉት በዚያ ዳር ነበር። ለየብቻ ከሠራኸው ጥሩ የበሰለ ፖምና ጥሩ የተጋገረ አጃ ታገኛለህ፤ ያንን ዳር ግን አታገኘውም። ትንሽ እርጥበት ጠላት አይደለም። ጠላቱ ብዙው ውሃ ነው።

ዘጠኝ_ሰዓት
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡20

እትዬ፣ የዳሩን ነገር እውነትዎን ነው፤ እሱን አስቤው አላውቅም። አንድ ጊዜ በእርስዎ መንገድ እሞክረዋለሁ።

ማለዳ_ጤዛ
እሑድ፣ ምሽት 2፡15

በመካከል ገብቼ ይቅርታ። ክሪስፕና ክራምብል አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ልጄ ደግሞ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) አይስማማውም፤ አጃውስ ይሆነዋል?

ሳይንስ_በጓዳ
እሑድ፣ ምሽት 2፡50

ክራምብል የእንግሊዞች ነው፤ በጥንቱ አሠራሩ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ብቻ ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤና ስኳር በራሽን ሲታደል፣ ሙሉ የፓይ ሊጥ ከመሥራት ይልቅ ጥቂቱን ፈርፍሮ ፍሬ ላይ መነስነስ ስለሚያብቃቃ በሰፊው ተለመደ። ክሪስፕ የሚለው ስም የአሜሪካኖች ነው፤ አጃ የሚገባበትም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሁለቱን ስም እያቀያየረ ይጠቀማል።

ስለ ልጅሽ፦ አጃ በተፈጥሮው የስንዴ ግሉተን የለበትም፤ ግን በማሳና በወፍጮ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ ማሸጊያው ላይ ከግሉተን ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ግዢ። የሴሊያክ ሕመም (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ካለበት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ንጹህ አጃም ስለማይስማማቸው ቀድመሽ ሐኪሙን ጠይቂ። በፉርኖው ፋንታ የሩዝና የለውዝ ዱቄት እኩል እኩል ቀላቅለሽ መጠቀም ትችያለሽ።

ደጋማ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

እኔ የምኖርበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ነው። የጋጋሪውን መጠን ትናንት ማታ ሠራሁት። በ50 ደቂቃ ፖሙ አልበሰለም፤ ጭማቂው ግን ይንተከተክ ነበር። ምን አጠፋሁ?

ሳይንስ_በጓዳ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ምንም አላጠፋህም። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፍሬው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ኦቨኑ 190 ይሁን 220፣ የፖሙ ሙቀት ከዚያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ፔክቲኑ የሚሟሟው በዝግታ ነው፤ አንተ ጋ መንተክተክ ብቻውን የመብሰል ምልክት አይሆንም፤ በቢላዋው ፈትን። ቁራጩን ወደ 7 ሚሊ ሜትር አሳንሰው፤ ፍርፋሪውን ሳታደርግ ፖሙን በፎይል ሸፍነህ ለ20 ደቂቃ ቀድመህ ኦቨን አስገባው። ከዚያ ፍርፋሪውን በትነህ ሳትሸፍን 40 ደቂቃ ጋግረው።

ብርቱካን_ቅጠል
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡00

ዛሬ ለሙከራ ሠራሁት! አራት ግራኒ ስሚዝ (አረንጓዴውን በጥርሴ ለየሁት) እና ሁለት ቢጫ። እትዬ እንዳሉኝ በድስት ፈትኛቸው ሁለቱም ቅርፃቸውን ያዙ። ጭማቂውን ሳጠልል ያየሁትን ባላየው አላምንም ነበር፤ አንድ ስኒ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ ነበር ታች የሚጠራቀመው! ቀቅዬው ወደ ሽሮፕ ተለወጠ።

ታቹ በፍጹም አልቀጠነም፤ ቁራጩ በማንኪያ ይነሳል። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፦ 35ኛው ደቂቃ ላይ ላዩ በጣም ጠቆረ፤ መሃሉ ግን ገና አልተንተከተከም ነበር። ፈርቼ በ42 ደቂቃ አወጣሁት። መጋገሪያዬ የመስታወት ነው።

ጋጋሪው
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡25

በጣም ደስ ይላል! መስታወት ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚያስተላልፈው፤ ስለዚህ ታቹ ይዘገያል፣ ላዩ ይቀድማል። ሙቀቱን ወደ 175 አውርጂና ጊዜውን ወደ አንድ ሰዓት አርዝሚው፤ መደርደሪያውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጊ። ላዩ የምትፈልጊው ቀለም ላይ ሲደርስ ፎይል ጣል አድርጊበት፤ ግን ዳር ዳሩን አትጠቅልዪው፣ እንፋሎቱ በጎን ይውጣ። የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ፎይሉን አንሺው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመስታወት መጋገሪያ ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አይግባ፤ ይሰነጠቃል። ፍሪዘር የሚገባው ፍርፋሪው ብቻ ነው፣ እሱም በሌላ ዕቃ።

ብርቱካን_ቅጠል
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡40

ይህን ባትነግረኝ ቅዳሜ ሙሉውን አዘጋጅቼ ፍሪዘር ላስገባው አስቤ ነበር። አርብ ማታ ምን ምን ቀድሜ ብሠራ ይሻላል?

እትዬ_ሙዳይ
ረቡዕ፣ ምሽት 5፡10

ፍርፋሪውን አርብ ማታ ሠርተሽ በላስቲክ ቋጥረሽ ፍሪዘር አስገቢው፤ እንደውም እስከ 3 ወር ይቆይልሻል፣ ደግመሽ ደጋግመሽ ትጠቀሚበታለሽ። ሳታቀልጪው እንደቀዘቀዘ ነው የሚበተነው። ፖሙን ግን የዕለቱ ዕለት ቁረጪው። ሎሚ ቢነካውም አድሮ የቆየ ቁራጭ ውሃውን እየለቀቀ ይተኛል።

እንግዶቹ እራት ሲቀመጡ ኦቨን አስገቢው። በልተው ሲጨርሱ ይወጣል፣ ወሬ እያወሩ ሳለ ያርፋል። ቤቱ በቀረፋና በፖም ሽታ ሲሞላ እናትሽ ሳይነገራት ታውቀዋለች። ቫኒላ አይስክሬም ካለ ለብ ባለው ላይ ነው የሚደረገው፤ የጋለ ላይ ከሆነ ቀልጦ ፍርፋሪውን ያረጥበዋል።

ትንሿ_ወጥቤት
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ዋልነት ከትፌ ብጨምርበትስ?

ጋጋሪው
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡12

60 ግራም ያህል ይበቃል፤ እንግዶቹ ለውዝ ነክ ነገር የማይስማማቸው እንዳይሆኑ ጠይቂ እንጂ ግሩም ነው። አድቅቀሽ አትክተፊው፤ የደቀቀው ቶሎ ያራል።

ብርቱካን_ቅጠል
እሑድ፣ ጠዋት 4፡30

በመጀመሪያ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ትናንት ልክ እራት ስንቀመጥ አስገባሁት። 175 ዲግሪ፣ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። 40ኛው ደቂቃ ላይ ፎይል ጣል አደረግኩበት። በኦቨኑ መስታወት እያየሁ መሃሉ ቀስ ብሎ፣ ከበድ ብሎ ሲፈነዳ ጠበቅኩ፤ ያልከው የማር አረፋ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ ጋጋሪው። 25 ደቂቃ አሳርፌ አቀረብኩት።

ስቆርሰው ላዩ ኩርሽም ብሎ ተሰበረ። ከሥሩ እትዬ ያሉት ያ ስስ ለስላሳ ንጣፍ ነበረ። ፖሙ ቅርፁን ይዟል፣ ጭማቂው ሳህኑ ላይ አይሮጥም፣ ማንኪያ ላይ ይንጠለጠላል። እናቴ ዝም ብላ በላች። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ «ከዚያ ከዳሩ አርጊልኝ» አለችኝ። እትዬ ሙዳይ፣ ያን ጊዜ እርስዎን አሰብኩ።

ሩብ ያህሉ ተርፏል። ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው ላዩ ለስልሷል። የሚመለስበት መንገድ አለ?

እትዬ_ሙዳይ
እሑድ፣ ጠዋት 5፡00

እልል! እናትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ።

አዎ ይመለሳል። ቡናማ ስኳር ከአየርም ከፖሙም እርጥበት ስለሚስብ ነው አድሮ የሚለሰልሰው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቢው፤ ጭራሽ ያላሽቀዋል። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን መስታወት እስኪሞቅ ጠብቂ ወይም ወደ ብረት ዕቃ ገልብጪው፤ ሳትሸፍኚ በ175 ዲግሪ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አሙቂው። ሲወጣ ለስላሳ ሊመስልሽ ይችላል፤ 5 ደቂቃ ሲበርድ ይደርቃል። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በላይ አታቆዪው።

ብርቱካን_ቅጠል
እሑድ፣ ከሰዓት 8፡15

በብረት ትሪ 18 ደቂቃ አሞቅኩት። እውነትም ሲበርድ እንደ ትናንቱ ኩርሽም አለ። ለእናቴ ይዤላት እየሄድኩ ነው፤ ዳሩን ለብቻው ቆርጬ ነው የያዝኩላት።